ዱካ ለማን፣ አሻራ ለማን

ሰው ባለፈበት ሁሉ አንድ ነገር ጥሎ ያልፋል፤ ጥሎት ያለፈው ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚወሰነው ግን በተጣለው ነገር ሳይሆን በጣዩ ማንነት ነው። በእኛ በወሎ ይህን የሚደነግግ የተጻፈ ደንብ የለም። ይሁን እንጂ ደሴ ውስጥ ቡና ከሚፈላበት ከየትኛውም ቤት ብትገቡ፣ ከአቦሉ ጀምሮ በረካው እስኪወርድ ድረስ የመንደሩ ሰው በየማዕርጉ ሲደለደል ትሰማላችሁ። የባለሱቁ ልጅ ግድግዳ ላይ በከሰል የሞነጫጨረው ተሰጥኦ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ልጅ እዚያው አጠገቡ የሞነጫጨረው እድፍ ነው። ከሰሉ ከአንድ ጆንያ መውጣቱን የሚያነሣ የለም።

ትልቅ ሰው የረገጠው ፋና ይባላል፤ እንድንከተለውም እንመከራለን። ድኻ የረገጠው ዱካ ነው፤ እሱንም መከተሉ አይቀርም፣ የሚከተለው ግን ከብት የጠፋበት ሰው ነው። በቀድሞው ዘመን ደግሞ ሌባሻይ የሚባል ሥርዐት ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ልጁ ከሹም አዳራሽ ደጃፍ ወደቀ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ለጆሮዬ አልደረሰም፤ መድኃኒቱም ማዕርግ ያውቅ ነበር መሰለኝ።

ድልድሉ እስከ እንስሳቱ ይወርዳል። ላስታ ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን የተሳለመ ሰው፣ በዐለቱ ላይ የሚታዩት ጉድጓዶች የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ያረፈባቸው እንደሆኑ በትውፊት ይነገረዋል፤ እሱም በአክብሮት ተመልክቶ ይመለሳል። ይኸው ተሳላሚ ኮምቦልቻ ሲገባ ግን የጋሪ ፈረስ ገና ያልደረቀ የሲሚንቶ በረንዳው ላይ ኮቴውን ቢያሳርፍበት፣ ባለጋሪውን ከነፈረሱና ከነትውልዱ ይረግማል። በሰውየው አልፈርድም፤ የፈረስ ክብር ከጥንትም ጀርባው ላይ በተቀመጠው ሰው ልክ ነው።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ እድር፣ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፤ ከዚያም እጁ የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ ጥግ ይሰጠውና የሟቹን የሕይወት ታሪክ እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። አንድ ጊዜ ይህ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ሟቹ ቤት አከራይ ነበሩ፤ ተከራዮቻቸው አምፖል የሚያበሩበትን ሰዓት በራሳቸው የእጅ ሰዓት የሚቆጣጠሩ ሰው ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ለአካባቢው ታላቅ አሻራ አሳርፎ አልፏል፣ ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በምን ላይ እንበል?»

«አሻራ ካልን ይበቃል። በምን ላይ ብሎ የሚጠይቅ አስተዛዛኝ የለም።»

አስተዛዛኝስ ነበር። የሟቹ የድሮ ተከራይ የነበሩ አንዲት እናት ከማዶ ሆነው፣ «እኔ ላይ ነዋ! በዚያ ክረምት ከነልጆቼ ሲያስወጣኝ መዝጊያውን የለቀቀብኝ፣ ይኸው!» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠባሳውን አሳዩ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሽማግሌዎቹ «አብሽሪ እትዬ፣ አውፍ በይው፤ ሙት ወቃሽ አትሁኚ» እያሉ ቢለማመጧቸውም፣ እሳቸው የሕይወት ታሪኩ የእጃቸውን ታሪክ ካልጨመረ ንፍሮ እንደማይቀምሱ ተናገሩ። ከብዙ ሽምግልና በኋላ ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ ዐረፍተ ነገር ተገኘ፤ «ሟቹ በበርካታ ሰዎች ላይ ፈጽሞ የማይፋቅ አሻራ አሳርፈው አልፈዋል።» በቀብሩ ላይ ሲነበብ ወንድምየው እንባቸውን ጠረጉ፤ እትዬም አንገታቸውን እየነቀነቁ «ይህስ እውነት ነው» አሉ። እንዲህ ያለ ሁሉን አስታራቂ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ከእጄ አልወጣም።

የቆሙት ሰዎች ደግሞ ሞታቸውን እስኪጠብቁ ድረስ ትዕግሥት የላቸውም። ባዶ ሜዳ ላይ የመሠረት ድንጋይ ያኖራሉ፤ ስማቸው በእብነ በረድ ይቀረጻል፤ ጭብጨባ ይደረጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕንፃው የለም፣ ድንጋዩ ግን አለ፣ የመንደሩ ፍየሎችም ይታከኩበታል። ሕንፃው በተአምር ቢሠራ እንኳ በእብነ በረዱ ላይ የሚገኘው ሪባን የቈረጠው ሰው ስም እንጂ ድንጋይ የጠረበው አይደለም። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ከዚህ ይለያል፤ ንጉሡ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆነው፣ ዘውዱም ሥልጣኑም አልፎ፣ አዳራሹ ዛሬም የሚጠራው ማንንም ሳይንቁ ሰው ባበሉበት ግብር ነው፤ አይጠየፍ። የዛሬዎቹ ባለ እብነ በረዶች ይህን ዘዴ ያልሞከሩት ወጪው ከድንጋይ ስለሚበዛ ይሆናል።

ዘመኑ ደግሞ አሻራን በመስታወት የሚያነብ መሣሪያ አምጥቷል። መታወቂያ የሚፈልግ ሰው ዐሥሩንም ጣቶቹን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፤ መሣሪያውም በሰው ማዕርግ አያዳላም ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ቢሮ የዋለ ለስላሳ ጣት ሲቀርብለት ግን ወዲያው ያነባል፤ ዕርፍ ሲጨብጥ፣ ማጭድ ሲያነሣ፣ ድንጋይ ሲለቅም የኖረ ጣት ሲቀርብለት ያመነታል፣ ምክንያቱም መስመሩ በሥራ ብዛት ተፍቋል። በዚህ ሰበብ ከኩታበር የመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን በውሃ፣ በሳሙና፣ በቅባት እየታሹ ደጋግመው ሲሞክሩ ውለው ነበር። መዝጋቢዋ ወጣት በመጨረሻ በትሕትና፣ «አባባ፣ ምን ላድርግ፣ አሻራ የለዎትም» አለቻቸው።

አዛውንቱ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩና ፊታቸው በራ።

«እንግዲያውስ ልጄ፣ የማዳበሪያው ዕዳ ላይ ያረፈው አውራ ጣት የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ይህንኑ በወረቀት ጽፈሽ፣ ማኅተም አድርገሽ ስጪኝ፤ መታወቂያው ይቅርብኝ።»