ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፖቻችን እና የከርነሉ የግማሽ ራም ገደብ

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ተማሪ ማሽኑ ሀንግ ሲያደርግበት የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ራሙ ሞልቶ ነው፣ ካሹን አጽዳው»። ምክሩ ከኮምፒውተር ጠጋኙ እስከ ዶርም ጓደኛ ይዞራል። አንዳንዴ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሊኑክስ የተጫነባቸውና የኤኤምዲ (የቺፕ አምራቹ ኩባንያ) ግራፊክስ ያላቸውን ርካሽ ማሽኖች በተመለከተ ግን ሌላ ቦታ ማየት አለብን ብዬ አምናለሁ። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ለግራፊክስ ብሎ ይዞ የሚያቆየው ሚሞሪ ገደቡ በእኛ ማሽኖች ልክ አልተሰፋም። ይህን መቀየር ይቻላል። የሚቀይረውም ሰው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ሊወጣ ይችላል።

ርካሽ ላፕቶፕ ላይ ያለው የግራፊክስ ቺፕ የራሱ ሰፊ ሚሞሪ የለውም። ከዋናው ራም እየተጋራ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ችግር ይመጣል። ፕሮሰሰሩ የሚጽፈው ነገር መጀመሪያ ካሹ ውስጥ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ አጠገቡ በያዘው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ ውስጥ ያርፋል፣ ራም ላይ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ቺፑ የፕሮሰሰሩን ካሽ ሳያይ ራሙን በቀጥታ ካነበበ የሚያገኘው አሮጌውን መረጃ ነው። ስክሪኑ ላይ የተበላሸ ምስል ይመጣል።

ስለዚህ ድራይቨሩ፣ ማለትም የግራፊክስ ቺፑን የሚያዘው ፕሮግራም፣ አንዳንድ የሚሞሪ ገጾችን (ራሙ የሚከፋፈልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) «ራይት ኮምባይኒንግ» በሚባል ጠባይ ይይዛቸዋል። የሚጻፈው ነገር ካሽ ውስጥ አይገባም። ትንሽ ቋት ውስጥ ይጠራቀምና፣ ብዙ ጊዜ 64 ባይት ሲሞላ፣ በአንድ ላይ ወደ ራም ይላካል። ለመጻፍ ግሩም ነው። ፕሮሰሰሩ መልሶ ላንብብ ካለ ግን በጣም ይንቀራፈፋል። ስክሪን ላይ ለሚወጣ ምስል ይህ ብዙም አይጎዳም፣ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ ጽፎ ያልፋል እንጂ ተመልሶ አያነበውም።

ዋናው ወጪ ያለው ጠባዩን መቀየሩ ላይ ነው። አንድ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። 1366 በ768 የሆነ የተለመደ የላፕቶፕ ስክሪን አንድ ሙሉ ምስል ለመያዝ 1025 ገጽ ይፈልጋል። ይህ ገና ስክሪኑ ብቻ ነው። ብሮውዘሩ፣ ቪዲዮው፣ እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ይወስዳል። የአንድ ገጽ ጠባይ ሲቀየር ከርነሉ የራሱን የአድራሻ ሠንጠረዥም ማስተካከል አለበት፣ አንድ ገጽ በሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት ጠባይ ተመዝግቦ መቆየት የለበትምና። ከዚያ እያንዳንዱ የፕሮሰሰሩ ኮር የሚሠራውን አቁሞ በቅርብ የያዘውን አሮጌ አድራሻ እንዲጥል ይደረጋል። ካሹም ይጠረጋል። ከርነሉ 2 ሜጋባይቱን በአንድ መዝገብ ይዞት የነበረ ቦታ ከሆነ ደግሞ ወደ 512 ትንንሽ መዝገቦች ሊሰባበር ይችላል። ይህ ሁሉ መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቢደረግ ማሽኑ አይቻልም ነበር።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2010 መጣ። ቲቲኤም የሚባለው የግራፊክስ ሚሞሪ አስተዳዳሪ የተለቀቁ ገጾችን ጠባያቸውን ሳይቀይር በአንድ ማከማቻ ያቆያቸው ጀመር። መንዝ ላይ ኩበት ቆጥቦ የሚጋግር ሰው ምጣዱን አንዴ ካጋለ ሊጡን ሳይጨርስ አያበርደውም። ሐሳቡ ያው ነው። ከዚያ የኤኤምዲው ክርስቲያን ኮኒግ ይህን ማከማቻ እንደ አዲስ ጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው የ5.11 ከርነል ጋርም ለተጠቃሚ ደረሰ። ኮዱ ከቀድሞው አጭርና ለማንበብ የቀለለ ነው። ገጾቹ ወደ ማከማቻው ሲመለሱ በዜሮ ይሞላሉ፣ የአንዱ ፕሮግራም ምስል ለሌላው እንዳይታይ። ይህን ሥራ ከልብ አደንቃለሁ።

የማልስማማው በገደቡ ነው። ማንም ካልነካው ማከማቻው እስከ ጠቅላላው ራም ግማሽ ድረስ ማደግ ይችላል። 64 ጊጋ ላለው ሰው ይህ ምንም አይደለም። 4 ጊጋ ላለው ግን 2 ጊጋ ማለት ነው። ሁልጊዜ እዚያ ይደርሳል አላልኩም። ግን ብሮውዘር ላይ ከባድ ነገር ከፍቶ የዘጋ ተማሪ፣ የተለቀቁት ገጾች «ነፃ» ተብለው ሳይቆጠሩ ማከማቻው ውስጥ ተቀምጠው ሊያገኛቸው ይችላል። ካሽ የማጽዳቱ ትእዛዝም ዋና ዒላማው የፋይል ካሽ፣ ማለትም ከዲስክ ተነቦ ራም ላይ የቆየው የፋይል ቅጂ፣ እንጂ ይህ አይደለም።

«ሚሞሪ ሲያጥር ከርነሉ ያስመልሳቸዋል» የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው፣ ለዚህ የተዘጋጀ ሽሪንከር የሚባል ክፍል አለ። ግን መቼ እንደሚነሳ እንይ። በአብዛኛው የሚነሳው ራም ሊያልቅ በተቃረበበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ገጾቹን እንዲሁ አይለቅም። ጠባያቸውን ወደ ተራው መመለስ አለበት። ቅድም ያልነው ወጪ ሁሉ፣ ኮሮቹን ማስቆሙ፣ ካሹን መጥረጉ፣ ማሽኑ ጭንቅ ውስጥ በገባበት ደቂቃ ይመጣል። ሁለት ኮር ብቻ ያለውና ዲስኩ የሚሽከረከር አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቢደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ ገደቡ በትንንሽ ማሽኖች ላይ ከግማሽ በጣም ይነስ። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ማከማቻው ረጅም ጊዜ ያልተነኩ ገጾችን ማሽኑ ሥራ በፈታበት ሰዓት ቀስ እያለ ይመልስ። ገጹ ምን ያህል ጊዜ ሳይነካ እንደቆየ የሚቆጥር ነገር እዚያ ውስጥ የለም፣ መጨመሩም ተራራ መግፋት አይደለም። በነገራችን ላይ የኢንቴል ግራፊክስ ያላቸው ላፕቶፖች እዚህ ሒሳብ ውስጥ ብዙም አይገቡም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ አብዛኞቹ የላፕቶፕ ቺፖቻቸው የመጨረሻውን ካሽ ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጋራሉ፣ ድራይቨራቸውም ሌላ መንገድ ነው የሚከተለው።

ከርነሉን የሚጽፉት ሰዎች እጃቸው ላይ ያለው ማሽን በአብዛኛው ትልቅ ነው። ጥፋት አይደለም፣ ግን የእኛ ላፕቶፕ ላይ የሚሆነው አይታያቸውም። እኛ ደግሞ ማሽኖቹ አሉን። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳም ይምጣ ከሸዋ ሮቢት፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ሌላ የተማሪዎች መመዝገቢያ ሲስተም ከሚሠራ ይህን ቢለካ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። የሊኑክስ ከርነል ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። ማሻሻያ የሚላከውም በኢሜይል ነው። ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ከየትም ይሁን ይሰማል።

መጀመር ለሚፈልግ፣ የቲቲኤም ሞጁል «ፔጅ ፑል ሳይዝ» የሚባል መቼት አለው። የሚቆጥረው በገጽ ነው። 65536 ብሎ መሙላት ማከማቻውን 256 ሜጋባይት ላይ ይገድበዋል። ማሽኑ እየሠራም መቀየር ይቻላል። ማከማቻው ውስጥ ስንት ገጽ እንዳለ በከርነሉ የዲበግ ማውጫ ቲቲኤም በሚለው ሥር ይታያል። አንድ ዓይነት ሥራ፣ ለምሳሌ ቪዲዮ ከፍቶ ዘግቶ ወዲያው ኮድ ኮምፓይል ማድረግ፣ አንዴ በነባሩ ገደብ፣ አንዴ በተቀነሰው ደጋግሞ ማሠራትና ሰዓቱን መመዝገብ ነው። ገደቡ ሲያንስ መስኮት መክፈት ከዘገየ ያም ይመዝገብ። ትክክለኛው ልክ የት እንደሆነ የሚነግረን የሁለቱ ድምር ነው።