ከሦስታችን መብራት የያዘው ልጁ ነበር

ወገኖቼ፣ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ግማሹ ቁጣ ለእናንተ ነው፣ ግማሹ ለራሴ። የትኛው እንደሚበዛ እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው ምሽት ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፣ አስፋልቱ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል። ባለሁለት አቅጣጫ ጠባብ መንገድ ላይ፣ በቀኝ መስመሬ፣ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ ነው። የመንገድ መብራት የለም። ከኋላዬ ልጆቼ፣ ከነሱ ኋላ ደግሞ እስከ ጣሪያው የተጠቀጠቀ ሻንጣ። ከፊት ለፊት አንድ ትልቅ የቤተሰብ ኤስዩቪ መጣ፣ እንደኔው ዓይነት። መብራቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ረጅሙን መብራት አብርቶ የረሳ መስሎኝ አብለጨለጭኩለት። ወይ ፍንክች። ደገምኩለት። እሱም መልሶ አብለጨለጨብኝ፣ የገባኝም ያኔ ነው፤ ያ ሁሉ ለካ አጭሩ ነበር። ረጅሙ ሲጨመርበት የፊት መስታወቴ ዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ።

ከዚያ ያለው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ 34 ሜትር ያህል እንደ ዕውር ነዳሁ። ያዳነኝ፣ በቀኝ በኩል ከመንገዱ ዳር የምትወዛወዝ ትንሽ ብርሃን ናት። ምን እንደሆነች እንኳን አላወቅኩም። ፍሬን ያዝኩ፣ መሪውን ወደ ግራ ሳብ አደረግኩ። ስፖኪዮዬ የሆነ ነገር መትቶ ቀጭ ብሎ ታጠፈ።

ሰውዬው ብስክሌት እየገፋ ነበር። ኮርቻው ላይ ልጁን አስቀምጦታል፣ ቢበዛ 8 ዓመት ቢሆነው ነው። ስፖኪዮው ያገኘው የብስክሌቱን እጀታ ነው። አባትየው ብስክሌቱን ለቆ ልጁን እቅፍ ሲያደርግ በአንድ እጁ ተደግፎ ወደቀ፣ አንጓው ተሰበረ። ልጁ ምንም አልሆነም። ጭቃው ላይ ተቀምጦ የእጅ ባትሪውን አሁንም ወደ መኪኖቹ መምጫ እያበራ ነበር። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። «አባቴ እንዳታጠፋው ብሎኛል» አለኝ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ያኛው ሹፌርም ቆመ። መቆሙን አልክድም። ወርዶ መጣና፣ አንጓውን ይዞ የሚያቃስት ሰው አጠገብ ቆሞ፣ መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ቃል ምን መሰላችሁ? «የኔ መብራት እኮ አዲስ ነው። ኦሪጂናሉ አላሳይ ሲለኝ ኤልኢዲ አስገባሁበት።» እየኮራ! ይቅር ልለው ያቃተኝ ይህን ነው። አደጋውንስ የሰው ልጅ ያደርሳል። ግን «ተጎዳህ ወይ?» ከማለት በፊት ስለ አምፖሉ ጥራት?

እስቲ ስለዚህ አምፖል ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ስላስገባችሁት። ለሃሎጂን፣ ማለትም ለተለመደው ባለ ሽቦ አምፖል፣ የተሠራ መብራት ቤት ውስጡ ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው በአምፖሉ ውስጥ ላለችው ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦዋ ያለችበት ቦታ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ቅርጽ ያለው ኤልኢዲ ስትሰኩ ብርሃኑ መሄጃው ይጠፋዋል፣ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይረጫል። እናንተ አፍንጫችሁ ስር ያለው አስፋልት ቦግ ሲል መንገዱን ያያችሁ ይመስላችኋል። ራቅ ያለው ግን ላይጨምር ይችላል፣ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። ኤስዩቪ ደግሞ በተፈጥሮው ረጅም ነው። መብራቱ ትንሽ መኪና የሚነዳው ሰው ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። ከፋብሪካው ኤልኢዲ ሆኖ የተሠራውን አይደለም የምለው፣ እሱ ቤቱም ለራሱ ተሠርቶለታል።

ይህን ሁሉ ለዚያ ሰው መንገድ ዳር ቆሜ ጮኬበታለሁ። በጣም ነው የጮኽኩት። ልጆቼ በመስኮት ያዩኛል። አባትየው ዝም ብሎ አዳመጠና ወደ መኪናዬ ቀና ብሎ አየ።

«ወንድሜ፣ የቀኝ መብራትህስ የት አለ?» አለኝ።

የለም። ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። እኔም አውቃለሁ። ማታ መኪናዬን ሳቆም ግድግዳው ላይ አንድ የብርሃን ክብ ብቻ ሲያርፍ አይቻለሁ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች፣ ሁለቱንም ጊዜ «ነገ» ብያለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው በራ፣ «ተሻለው» ብዬ ሄድኩ። በኋላ ጋራዥ ሲፈታ ጉዳዩ አምፖሉ አልነበረም። የማሳው (የኔጌቲቩ) ሽቦ ዝጎ ሶኬቱ ቡናማ እስኪሆን ተቃጥሏል። ባለሙያው እንደነገረኝ ለሃሎጂን የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ቢወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊትም ለወራት ሲደክም ነበር። አላየሁትም፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጨለማ ይለመዳላ።

የግራውስ? የፊቱ ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኗል። በጥርስ ሳሙና ፈትጌው ነበር። አንድ ወር አብረቀረቀና ባሰበት፣ ምክንያቱም ከፀሐይ የሚከላከለው ስስ ሽፋን ከላዩ ከተነሳ በኋላ መልሶ ካልተቀባ ፋይዳ የለውም። መኪናችንን በየሳምንቱ እናጥባለን፣ መብራቱ ላይ ያለውን ቢጫ ግን እንደ ሽበት አክብረን እንተወዋለን።

እና ያ ሁሉ ሻንጣ። ኋላ ሲከብድ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል። እንዲህ ሲሆን መብራቱን ዝቅ የምታደርግ፣ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ያላት፣ በጣት የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ ከመሪዬ ግራ አለች። መኪናውን ከያዝኩ ጀምሮ ነክቻት አላውቅም። እንዲያውም ምን እንደምትሠራ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያ ሰው መልሶ ያብለጨለጨብኝ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። አንዷ ዓይኔ የሱን ዓይን እየወጋች ነበር። መንገዱ ዳር ላይ መውደቅ የነበረበት ብርሃን ደግሞ የቀኙ ነው፣ የሌለው። ያ ልጅ የእጅ ባትሪውን ባያበራ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም፣ ሌላ ነገር ይጻፍ ነበር።

የአባትየውን ሕክምና ሁለታችን ተካፍለን ከፈልን። እንደ ደግነት እንዳትቆጥሩልኝ። ልጁን ሁለተኛ አላየሁትም። ጫማውን ግን በባትሪው ብርሃን ፈልጌ አግኝቼ አድርጌለታለሁ። ቬልክሮው ጭቃ ገብቶበት አልያዝ ብሎኝ ስታገል እሱ ያበራልኝ ነበር።

እናንተ ሰዎች፣ ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው? ዳሽቦርዱ ስለበራ ብቻ መብራት ያበራ የሚመስለው ስንቱ ነው! ከፊት የቀን መብራቱ፣ ያ ሞተር ሲነሳ በራሱ የሚበራው፣ ትንሽ ያሳየዋል፣ ከኋላ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። አምፖሉን በላብ እጁ ጨብጦ ይሰካና በሳምንቱ ሲቃጠል «ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ከጣት የቀረው ቅባት መስታወቱን አንድ ቦታ ላይ አግሎ እንደገደለው ማን ይንገረው።

እኔ አሁን ግድግዳ አለኝ። ደልዳላ ቦታ ላይ 10 ሜትር ርቄ እቆምና አጭሩን አበራለሁ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ መሃል ከፍታ ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ብዙ መኪና ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የየመኪናው ትክክለኛ ልክ መብራቱ ቤት ላይ ወይም መመሪያው ላይ አለ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጆቼ ጨዋታ አድርገውታል፣ ትንሿ ግድግዳው ላይ እጇን እየዘረጋች ጥላ ትሠራለች። ሳያት ያ ልጅ ትዝ ይለኛል፣ ዝም እላለሁ።

ባለፈው መኪና ማቆሚያ ቦታ አንድ ዓይና ኤስዩቪ አጠገቤ ቆመ። የሕፃን ወንበር ከኋላው አለ። ወርጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። «አውቃለሁ፣ ነገ አስቀይረዋለሁ» አለኝ። የራሴው ቃል! ታሪኩን ሁሉ ልነግረው አስቤ ደከመኝ። «ዛሬ ማታስ?» አልኩት። መስኮቱን ዘጋብኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ቦታ አገኘሁት። ሁለቱም በርተዋል፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ያረጀ ቢጫ። አምፖል በጥንድ ነው የሚቀየረው ልለው መስኮቱ ጋ ደረስኩና ተውኩት። ሰውዬው አየኝ፣ በአውራ ጣቱ ወደ መብራቱ ጠቆመና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።