አንዲት ጥርስ

እስቲ ዛሬ ልተንፍሰው። ወር ሊሞላኝ ነው አፌን ይዤ ስቀመጥ። ባለቤቴ «ተዋቸው፣ መካኒኩ ሥራቸውን ያውቃሉ» ስትለኝ ዝም አልኩ። አላወቁም!

ኮሮላ አለችኝ። እ.ኤ.አ. የ1993 ምርት ናት። ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚሉት ነው፤ 1600 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ። ይህን ሞተር ፈትቶ ያልገጠመ መካኒክ አዲስ አበባ ውስጥ የለም ይባላል። ፈትቶማ ሁሉም ፈትቷል። አገጣጠሙ ላይ ነው ጉዱ።

ነገሩ የጀመረው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከለገሃር ወደ ላይ ስወጣ የሙቀት መለኪያዋ ቀዩን ነካ። ማዘጋጃ ቤት ሳልደርስ እንፋሎት በእንፋሎት ሆንኩ። ዳር አውጥቼ፣ ቀዝቅዛ፣ የዘይት መክደኛውን ስከፍት ውስጡ ማኪያቶ መስሏል። ውሃና ዘይት ተገናኝቷል። የሞተሩ ራስ (ቴስታታው) ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አልቆለታል ማለት ነው። ቴስታታ ከወረደ አይቀር የፒስተኑ ቀለበት ፋሻም፣ የዘንጉ መደገፊያ ብሮንዝም፣ ሁሉም ይቀየር ተባለ። ሙሉ እድሳት።

«ለምን ሸጠህ አዲስ አትገዛም?» የምትሉኝ አትጠፉም። በምን? ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል አገር ውስጥ አይገባም ተብሏል። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ የዶላሩ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። የመለዋወጫውን ዋጋ ከዚያ በኋላ ሶማሌ ተራ ሄዶ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት የሰማኸውን ዋጋ ከሰዓት አታገኘውም። አንዱን ባለ ሱቅ «ጓርኒሲዮኑ ኦርጅናል ነው?» ብለው «ኦርጅናል የታይዋን» አለኝ። በዚህ ዘመን ያለችህን አሮጌ ሞተር እንደ እናትህ ነው የምትጦራት።

ጋራዡ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ስሙን አልጠራም። የመካኒኩንም አልጠራም። ጋሼ ነው የምላቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አንቱ እያልኩ ልማረር።

ብሎኩና ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄደው መጡ። እዚያ ላይ ቅር ያለኝ ነገር የለም። የቶርኖው ሰውዬ በማይክሮሜትር ይለካል፣ ይጽፋል፣ ደግሞ ይለካል። አሳየኝ እንኳ። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አይቼ ጋራዡም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

ካምሻፍት ምን እንደሆነ ለማታውቁት፣ ቫልቮቹን፣ የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሮቹን፣ በየሰዓታቸው የሚከፍት ዘንግ ነው። ከታች ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል። ሁለቱን የሚያግባባቸው ጥርስ ያለው ቀበቶ፣ ቺንጋ ነው። ቺንጋው አንዲት ጥርስ ከሳተ ቫልቩ ያለ ሰዓቱ ይከፈታል፣ ያለ ሰዓቱ ይዘጋል። ቄሱ ገና ሳይጨርሱ ሕዝቡ ተሰጥኦውን ሲቀበል አስቡት። ሁለቱም ትክክለኛውን ቃል እያሉ ነው። ቅዳሴው ግን ተበላሸ።

የእኔ ሞተር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቺንጋው የሚያዞረው አንዱን ካምሻፍት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር በጊር ተነካክሶ ይዞራል። ከጊሮቹ አንዱ ድርብ ነው፤ እንዳይንኳኳ በስፕሪንግ ተወጥሮ ነው የተሠራው። ስትፈታውም ስትገጥመውም ድርቡ እንዳይሸሽ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ታስርበታለህ። ገጥመህ ስትጨርስ ታወጣዋለህ። በቃ። አንዲት ቡሎን! እኔ መካኒክ ሆኜ አይደለም የማውቀው። ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ ሳነብ ነው። መኪናው ጋራዥ የገባበት ሰው እንቅልፍ የለውም።

«ጋሼ፣ ቡሎኗን አስረውባታል?» አልኳቸው በትሕትና።

«የምን ቡሎን?»

«ድርቧን ጊር የምትይዘዋን።»

«እኔ በካቻቢቴ ነው የምይዛት» አሉኝ።

ያዟት። ካቻቢቴው አፈተለከ። አውራ ጣታቸው ተላጠ። ዞረው እኔን አዩኝ። «እንዲህ ዓይንህን ተክለህብኝ እንዴት ይሠራልኛል?» ቡዳ ሆኜ አረፍኩት።

የኬፖቹን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ካምሻፍቱን ከላይ ጫን አድርገው የሚይዙት ኬፖች እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። ወደ ሞተሩ ፊት የሚያመለክት ቀስትም አላቸው። ፋብሪካው ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ አስሮ ነው የበሳቸው። ስለዚህ የአንዱን ቦታ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ጋሼ ግን ሁሉንም ቤንዚን ባለበት የተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ዘረገፏቸው። እንደ ሽሮ አማሰሏቸው። አንድ ረዳት አላቸው፤ ቴክኒክና ሙያ ተምሮ የወጣ ልጅ። እሱ ቀስ ብሎ አንድ በአንድ እያወጣ፣ በጨርቅ እየጠረገ፣ በቁጥራቸው ካርቶን ላይ ደረደራቸው። አንዲት ቃል አልተናገረም። ያን ልጅ ያኔ ነው ልብ ያልኩት።

አጠባበቁስ? መጽሐፉ ሁሉንም በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ዙሩባቸው ይላል። ዘንጉ ደልደል ብሎ፣ ሳያዘነብል መውረድ አለበት። አለዚያ አንድ ጎን ይጫንና ቴስታታው ዘንጉን የሚደግፍበት ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል። መጨረሻው 13 ኒውተን ሜትር ነው። ትንሽ ናት፤ የቡና ጀበና ከማንሳት ብዙ አትርቅም። ጋሼ ከአንዱ ጫፍ ጀምረው አንደኛውን ክርር፣ ወደ ሁለተኛው፣ እሱንም ክርር።

«የማጥበቂያ ልኩን የሚያሳይ ቶርክ ሬንች የለም እንዴ ጋሼ?»

«ይሄው» ብለው ክንዳቸውን አሳዩኝ።

የሳቀ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ልጁ ብቻ አልሳቀም።

የቫልቭ ክፍተቱን እንኳ ለክተዋል፤ ከጎረቤት ጋራዥ መለኪያውን ተውሰው። ያን አልክድም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሁለቱን ዘንጎች በሰዓት ወደ ማግባባቱ ልምጣ። ታይሚንግ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህ ሞተር ምልክት አለው! ታች ክራንኩ ጫፍ ላይ ባለው ክብ ፑሊ ላይ ጭረት አለ። ሽፋኑ ላይ ካለው ዜሮ ጋር ታገናኘዋለህ። ላይ የካምሻፍቱ ፑሊ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። በቀዳዳዋ አጮልቀህ ኬፑ ላይ ያለውን ምልክት ታያለህ። ሁለቱ ከተገናኙ ቺንጋውን ታጠልቃለህ። መወጠሪያውን ታላላዋለህ፣ ስፕሪንጉ ቺንጋውን ይስባል። ከዚያ ክራንኩን በእጅህ፣ በቺያቬ፣ በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ዙር ታዞረዋለህ። ምልክቶቹ ተመልሰው ከተገናኙ መወጠሪያውን ታጠብቃለህ። ካልተገናኙ ቺንጋውን አውልቀህ ትደግማለህ። ሁለቱ ዙር ለምን እንደሚያስፈልግም ግልጽ ነው። ስፕሪንጉ የላላውን ቺንጋ ሲስብ ፑሊው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ልክ የነበረው ከተወጠረ በኋላ አንዲት ጥርስ ሊስት ይችላል። ይህንን የምታውቀው ስታዞረው ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነዳጅ አይፈጅም። መብራት አይፈልግም።

«ሁለት ዙር በእጅ እናዙረው ጋሼ» አልኩ።

«ለምን?»

«ምልክቱ መመለሱን ለማየት።»

«ወንድሜ፣ እኔ ምልክት አላይም። እኔ በጆሮዬ ነው የማስይዘው። መጽሐፍ ሞተር ገጥሞ አያውቅም። አስነሳው በለው ያንን ልጅ!»

ሞተሪኖው ጮኸ፣ ሞተሩ ተነሳ። ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ «እልል!» አለ። እኔ ግን ድምፁን ስሰማ ሆዴ ባባ። እየተንቀጠቀጠ ነው። ወፍጮ ቤት በሩ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ቡና የያዘ ብርጭቆ ኮፈኑ ላይ ብታስቀምጥ ይደፋል።

ጋሼ ሰሙት። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዲስትሪቢውተሩን አላሉና አዞሩት። አዞሩት፣ አዞሩት፣ ቦታው እስኪያልቅ አዞሩት። ትንሽ ሻል አለ። አጠበቁት። «አየህ? ጆሮ ነው!»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ዲስትሪቢውተሩ የእሳቱን ሰዓት ነው የሚያስተካክለው። የቫልቩን ሰዓት አይነካም። አንዱ የተሳሳተ ሰዓት ሌላውን አሳስተህ አይታረምም። ደግሞ የእሳቱም ሰዓት ቢሆን በጆሮ አይደለም። ሞተሩ ይሞቃል፣ የምርመራ ሶኬቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ በሽቦ ታገናኛለህ፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ፑሊው ላይ ታበራለህ። ጭረቱ 10 ዲግሪ ላይ መታየት አለበት። መብራቱን ጋራዡ ነበረው። ማን እንደተዋሰው ግን የሚያውቅ የለም።

ወሰድኳት። እስከ ሜክሲኮ ሄደች። ወደ ፒያሳ መውጣት ግን በአንደኛ ማርሽ ሆነ። አሮጌ ላዳ ቀደመችኝ። ሾፌሩ አዝኖልኝ እጁን አወዛወዘልኝ። ነዳጁን ደግሞ እንደ ጠበል ነው የምትጠጣው። ተመለስኩ።

«ከፍታው ነው» አሉ ጋሼ። «አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ይደክማል።»

እውነታቸውን ነው፣ ስስ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለ ሞተር ባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ አየር ነው የሚስበው። ግን ጋሼ፣ ይህች መኪና ስንት ዓመቷ ነው እዚሁ ስትኖር! ከፍታው ባለፈው ወር ነው እንዴ የመጣው?

ሁለተኛ ስመለስ ካንዴላው ነው ተባለ፤ ቀየርኩ። ሦስተኛ ስመለስ የነዳጅ ፓምፑ ነው ተባለ፤ እሱንም ገዛሁ። አራተኛ ላይ «ማደያው ነው፣ ነዳጁ ውሃ አለው» ተባለ። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ያቺን ሽፋን ፈትተን እንያት» አልተባለም። ጥቂት ቡሎን ለመፍታት ከመድፈር የእኔን ኪስ መፍታት ቀለለ። በመሃሉ እኔ ጠዋት ጠዋት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ዝናብ እየወረደብኝ። ደግነቱ ይህ ሞተር ታይሚንጉ ቢዛነፍም ፒስተኑና ቫልቩ አይጋጩም። ሌላ ሞተር ቢሆን ቫልቮቹ ተጣመው የቴስታታው ወጪ ከዜሮ ይጀምር ነበር።

ሐሙስ ዕለት አምስተኛዬ ነበር። ጋሼ ምሳ ወጥተዋል። ልጁ ብቻውን ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላል።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። «ምንድን ነው ችግሯ?»

ወደ በሩ አየ። ሻዩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔ አንዲት ጥርስ ይመስለኛል» አለኝ በሹክሹክታ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የመሰለህ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ፈገግ አለ። ትምህርት ቤት ታይሚንግ ያስተምራሉ። «አለቃ ሆይ፣ ተሳስተዋል» ማለትን ማን ያስተምራል? ነገ እዚያው ነው የሚበላው። አልፈረድኩበትም።

የላይኛውን ሽፋን ፈታን። ቺያቬውን ክራንኩ ላይ አስገባ። እየቆጠረ ሁለት ዙር አዞረ። ታች ጭረቱ ዜሮ ላይ ቁጭ አለ። በላይኛዋ ቀዳዳ እሱ አየ፣ እኔም አየሁ። ምልክቱ የለም። ጎን ላይ፣ ልክ አንዲት ጥርስ ርቆ ቆሟል። መጮህ አማረኝ።

መወጠሪያውን አላላ፣ ቺንጋውን አውጥቶ አንዲት ጥርስ መለሰው። ሁለት ዙር። ተገናኙ። ደገመ፤ ተገናኙ። ዲስትሪቢውተሩንም ወደ መሃሉ መለሰው። መብራቱንም ከጎረቤት ጋራዥ ሄዶ አመጣው፤ ለካ እነሱ ጋ ነበር። 10 ዲግሪ። አስነሳናት። ድምፅ የላትም። ብርጭቆውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሻዩ አልተነቃነቀም። አርባ ደቂቃ ነው ሁሉም ነገር የፈጀው። አርባ!

ጋሼ ጥርሳቸውን እየፋቁ ገቡ። ድምፁን ሰሙ። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ፊታቸው በራ።

«አላልኩህም? አዲስ ሞተር እኮ ሲለማመድ ነው የሚስተካከል!»

ልጁ ቺያቬውን እየጠረገ አቀረቀረ። እኔም ለልጁ ስል ዋጥኩት። ሂሳቤን ልዝጋ ብዬ ወረቀቱን ስቀበል አንድ አዲስ መስመር ተጨምሮበታል፦ «ታይሚንግ ማስያዣ፣ የእጅ ዋጋ።»