ጥሩምባው ከሞት በፊት ቢነፋስ?

የደቡብ አፍሪካ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ቀለምና ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከቢጫ ይነሳና ቀይ 10 ላይ ያበቃል። ቁጥሩ የዝናብ መጠን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚናገረው ግን የሚፈራውን ጉዳት ክብደትና የመድረስ ዕድሉን አንድ ላይ ነው። መሬቱ ቀድሞ ውሃ ከጠገበ መጠነኛ ዝናብም ከፍ ያለ ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

ኤፕሪል 11 ቀን 2022 ደርባን አካባቢ ማስጠንቀቂያው ከብርቱካናማ 5 ወደ 8፣ ማታ ላይ ደግሞ ወደ ቀይ 10 ወጣ። አንዳንድ ቦታ በ24 ሰዓት ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ትንበያው አልጠፋም። በዚያ ሌሊት ገደል ጥግ የተኛውን ሰው ማን ይቀስቅሰው?

እዚያው ደርባን ያለው ኳሪ ሮድ ዌስት ቀስቃሽ ነበረው። በፓልሚየት ወንዝ ዳር የተጠጋጉ የጣውላና የቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የዋትስአፕ ቡድን ይገናኛሉ፤ ከወንዙ በላይ በኩል የሚኖሩት፣ ኑሯቸው የተደላደለው ሳይቀሩ፣ ውሃው ሲሞላ መልእክት ይልካሉ። ያን ሌሊት ብዙ ቤት ተወሰደ፤ ከሰፈሩ ግን ሰው አልሞተም።

ሎኬሽን (የደቡብ አፍሪካ የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ ከፍተው እዚያው የሚያድሩ ልጆቻችን የሰፈራቸውን ቡድን ደንበኞቻቸውን ጠይቀው ይግቡበት። ለሌባ ተብሎ የተበየደው ፍርግርግ በጎርፍ ሌሊት ወጥመድ ነው። ቁልፉ ከመኝታው አጠገብ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይንጠልጠል። መብራቱ ውሃ ሳይገባ ከቆጣሪው ይጥፋ፤ እግር ውሃ ውስጥ ከሆነ ግን ቆጣሪ አይነካም።

ሞዛምቢክ ስልክንም አላመነችም። በየመንደሩ ያሉት የአደጋ ኮሚቴዎች ሜጋፎን፣ ፊሽካ፣ ሬዲዮና ባንዲራ ይዘዋል። ሰማያዊ ባንዲራ ሲሰቀል አውሎ ነፋሱ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ቢጫ በ24፣ ቀይ በ6 ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ኔትወርክ ቢጠፋም ባንዲራው ይታያል። ጉድለቱ የሚናገረው ስለ ነፋስ ብቻ መሆኑ ነው። በማርች 2019 ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የወደብ ከተማዋን ቤይራን ከመታ በኋላ የቡዚና የፑንግዌ ወንዞች ሞልተው ከባሕሩ ራቅ ያለውን አገር አጥለቀለቁት፤ ነፋሱ አልፎ ውሃው ገና መምጣቱ ነበር።

አገር ቤት ስንመለስ ድሬዳዋን እናገኛለን። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ዝናቡ የጣለው በሐረርጌ ደጋ ሲሆን፣ በደረቅ አሸዋ የሚታወቀው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ደራሽ ጎርፍ ይዞ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ጨረሰ። ደጋው ላይ ቆሞ የሚደውል ሰው ብዙ ነፍስ ባተረፈ ነበር።

ሞዛምቢክ ኮሚቴ ብላ ያደራጀችው እኛ ዘንድ ዕድር ነው። የአባላት መዝገብ፣ ድንኳን፣ ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ጥሩምባ ነፊ አለው። ችግሩ ጥሩምባው የሚነፋው ከሞት በኋላ መሆኑ ነው። ወንዝ ዳር ያለ ዕድር ከላይ በኩል ሁለት ደዋይ ይሰይም (የአንዱ ስልክ ሊዘጋ ይችላል)፣ የውሃው ከፍታ እንዲታይ የድልድዩን ምሰሶ በሦስት ቀለም ያስቀባ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን ማን እንደሚያወጣቸው አስቀድሞ ይመዝግብ፣ ለመጠለያ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ቅጂ ይያዝ። የጎርፍ ጥሩምባ ከለቅሶው አነፋፍ ይለይ፤ አለዚያ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ድንኳኑ ይወርዳል።

ሌላው ጎፋ ነው። ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡትን ሁለተኛው ናዳ ዋጣቸው፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 አለፈ። ናዳ ላይ አካፋ ከመነሳቱ በፊት ፊሽካ የያዘ አንድ ሰው በጎን በኩል ከፍ ካለ ቦታ ይቆማል። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም የቆመ ምንጭ ሲያይ ይነፋል። ቆፋሪው ጥቂት ሆኖ በየተራ ይገባል፤ የቀረው ሕዝብ ከናዳው መንገድ ወጥቶ ይጠብቃል። ፊሽካው ሲሰማ የሚሮጠው ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይደለም።