ይድረስ ለተከበሩት የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መስኮት ቁጥር 4

ጉዳዩ፦ ቀኝ እጄ ቀርቦ እንዲፈርም የሰጡኝን ትዕዛዝ ይመለከታል።

የተከበሩ መስኮት ሆይ፣ አስቀድሜ አሠራርዎን አደንቃለሁ። መስታወትዎ ላይ የተቆረጠችው ቀዳዳ ከባለጉዳይ ደረት በታች ስለሆነች፣ ይግባኝ ባይ ሁሉ አቤቱታውን ሳያሰማ ገና ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ክርክር ይግባኝ የሚቀርበው ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀናት ውስጥ ነው። የውሳኔው ግልባጭ «ገና አልተፈረመም» እየተባልኩ ደጅ ስጠና ከርሜ፣ የተረፈችኝን ጊዜ ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ጨረስኳት። ጠበቃ የለኝም፤ ለጠበቃ የምከፍለው ገንዘብ ያለው በምከራከርበት ካሳ ውስጥ ነውና። ባለፈው ሰኞ ማመልከቻው ሥር፣ የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጬ ፈረምኩ። በግራ እጄ ነው የፈረምኩት።

ከበስተጀርባዎ የተቀመጠችው፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆነው ሠራተኛ ወረቀቱን ከሥራ ውሌ ጋር አስተያይታ «ፊርማህ አይመሳሰልም፤ ሌላ ሰው ፈርሞልህ ይሆናል» አለችኝ። ቀኝ እጄን በቀዳዳዋ አስገብቼ አሳየኋት። መቁረጫ ማሽኑ የወሰዳቸው ጣቶች የነበሩበትን ቦታ በትኩረት ተመልክታ «እሱማ ይታያል፤ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል» አለች። የሕክምና ቦርዱ የጉዳቴን መጠን በመቶኛ የገለጸበት ወረቀት እዚያው ተያይዟል፣ ገለጥ ብታደርጊው ብዬ ለመንኩ። «እሱ ለጉዳቱ ነው፤ ለፊርማው ከወረዳ ይጻፍልህ።» ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ፤ እኔም ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅኩ።

ወረዳው፣ እንደሚያውቁት፣ ሲስተም የለውም።

ስማኝ እንግዲህ፣ መስኮት። ሕጉ አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው በራሱ ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ሲያደርስ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስም ከዚሁ ይቆጠራል። አሠሪዬ «ጓንት ተሰጥቶት አላደረገም» አለ፤ የሥር ፍርድ ቤትም ተቀበለው። ጓንት አልተሰጠኝም! ከንብረት ክፍል ጓንት መረከቤን የሚያሳይ ፊርማዬ ይቅረብ ብዬ ጠየቅኩ፤ አልቀረበም፣ ያቅርብ ያለውም የለም። ለአሠሪዬ የታለፈው ፊርማ ነው ዛሬ ከተቆረጠ እጄ የሚጠየቀው።

ይቅርታ፣ «አንተ» አልኩዎ። ወደ ሥርዓቱ ልመለስ።

ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ እንደማይከፍል አውቃለሁ፤ ስለ ፎቶ ኮፒ ግን ሕጉ ዝም ብሏል። ስለ ማኅተምዎ ቅሬታ የለኝም፤ ቀለሙ አልቆ ነው ተብያለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። የወረዳው ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ ቀኑ እንዳያልፍብኝ፣ ማመልከቻዬ ሰኞ ዕለት ቀርቦልዎ እንደመለሱት ከጀርባው ጽፈው፣ ቀን ጠቅሰው ይፈርሙልኝ። የእርስዎን ፊርማ ከማንም ጋር አላስተያይም።

ከአክብሮት ጋር፣
ይግባኝ ባይ

ግልባጭ፦
ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፤ እስካሁን በዚህ መዝገብ የተፈረደለት እርሱ ብቻ ስለሆነ።