ችግሩ ተጫዋቾቻችን መሄዳቸው ነው ወይስ አለመሄዳቸው?

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጥሩ ተጫዋቾቹን ማቆየትም ሆነ በአፍሪካ መድረክ መፎካከር ለምን ተሳነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል። አንዱ ለረጅም ዘመን ታዳጊዎችን ያሠለጠኑ አንጋፋ አሠልጣኝ ናቸው። ሌላው በአንድ የከተማ ክለብ በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገለ ወጣት ነው።

አሠልጣኙ፦ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ብዙም ሳይቆይ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። እዚያም ጉዳት እየተደጋገመበት ከሜዳ ራቀ፤ እኛም አጣነው። ቡድን የሚሠራው አብሮ በመቆየት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2009 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ለምድብ ውድድር የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሲሆን፣ እነ አዳነ ግርማ በአንድ ማሊያ ለዓመታት የተግባቡ ልጆች ነበሩ። ምርጦቹን በየዓመቱ የሚያስረክብ ሊግ እንዴት ይህን ይደግማል?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ጋሼ፣ የዚያ ቡድን አጥቂ ሳላዲን ሰይድ ከየት መጥቶ ነበር? በግብጽ፣ በቤልጅየምና በአልጄሪያ ተጫውቶ ነው የተመለሰው። እርስዎ የጠቀሱት ድል እኮ የሄደ ሰው ያመጣው ድል ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍም አንዱን ግብ ያስቆጠረው በግብጽ ሊግ ለዓመታት የተጫወተው ሽመልስ በቀለ ነበር።

የክለባችንን የዓመቱን ሒሳብ ስዘጋ ያየሁትን ልንገርዎት። በገቢው በኩል «ከከተማ አስተዳደሩ የተመደበ» የሚለው መደብ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። «ከተጫዋች ሽያጭ» የሚል መደብ ግን ጭራሽ አልነበረም። ውሉ በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ጊዜው ሲያልቅ ልጁ ነፃ ሆኖ ሌላ ክለብ ይፈርማል፤ ለእኛ አንዲት ሳንቲም አትደርሰንም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሌላውን ክለብ ልጅ በሕዝብ በጀት እናስፈርማለን። በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን እኔ ተደስቼ ነበር። ነገር ግን የገንዘቡ ምንጭ እስካልተለወጠ ድረስ ጣሪያ ብቻውን ምን ይጠቅማል? ክለቡ የሚኖረው በከንቲባው መልካም ፈቃድ ነው። ተጫዋች ሸጦ የሚያተርፍ ክለብ ቢኖረን ኖሮ ታዳጊ የሚፈልጉ ሰዎች በየመንደሩ በተሰማሩ ነበር።

አሠልጣኙ፦ በግብጹ ጨዋታ የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው ዳዋ ሆቴሳ ግን የአገር ቤቱ ሊግ ተጫዋች እንደነበር አትርሳ። ያንን ጨዋታ «በሜዳችን» ያደረግነው ደግሞ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የእኛን ስታዲየሞች አግዶ ነበርና። ቅዱስ ጊዮርጊስም በመስከረም 2016 ዓ.ም. የግብጹን አል አህሊን ያስተናገደው እዚያው ካይሮ ውስጥ ነበር። እንግዳውን በገዛ አገሩ የሚያስተናግድ ክለብ ምን ዕድል አለው?

ስለ ገቢ ካነሳህ፣ ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለቴሌቪዥን ሥርጭት ሲባል ቡድኖቹን ሁሉ በየተራ አንድ ከተማ ሰብስቦ ሲያጫውት ቆይቷል። የሐዋሳ ክለብ ድሬዳዋ ላይ ሲጫወት ትኬቱን ለማን ይሽጥ? የአምስት ዓመቱ የዲኤስቲቪ ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሎ ነበር፤ ለሊጉ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት አባቱን ተከትሎ ስታዲየም የሚገባውን ሕፃን አሳጥቶናል፤ እኔን ይህ ያንገበግበኛል።

ይሂዱ ትላለህ፤ ቋንቋ ሳይማሩ፣ ሰውነታቸው ሳይገነባ፣ የታመነ ወኪል ሳይኖራቸው? ጋቶች ፓኖም ወደ ሩሲያው አንዢ ሄዶ ብዙም ሳይቆይ ተመልሷል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የስታዲየሙን ነገር አምኜ እቀበላለሁ። ስለ መመለሳቸው ግን፣ ውጭ ሲከብድ እዚህ በመንግሥት በጀት የሚከፈል ደህና ደመወዝ ይጠብቃቸዋል። የማሊ ወይም የጋና ልጅ እንዲህ ያለ ማረፊያ ስለሌለው ጥርሱን ነክሶ ይቆያል።

ደግሞም ፊፋ አንድን ተጫዋች ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ያሠለጠኑ ክለቦች ካሳ እንዲያገኙ ደንግጓል። ለታዳጊዎችም እስከ ሦስት ዓመት የሚቆይ ውል ይፈቅዳል። ይህን ተጠቅመን በ17 ዓመቱ እናስፈርመው፣ በ20 ዓመቱ እንሽጠው። ገንዘቡም እርስዎ ለሚያሠለጥኑበት ሜዳ ይዋል።

አሠልጣኙ፦ ውሉን ነገ ፈርምለት፤ አልቃወምህም። ግን ማን ያሰልፈዋል? እኔ ያሳደግሁት አንድ የግራ እግር ልጅ ነበር፤ ኳስ ሲቀበል ቀድሞ ዙሪያውን የሚቃኝ፣ በዚያ ዕድሜ እምብዛም የማይታይ ልጅ። ዋናው ቡድን ወሰደውና ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠው። አሠልጣኙን ስጠይቀው፣ «ሦስት ጨዋታ ከተሸነፍኩ እባረራለሁ፤ በልጅ አልጫወትም» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ እውነቱን ነበር፣ በዚያው ዓመት ተባረረ። ልጁም ያለ ጨዋታ ውሉን ጨረሰ። ለገዢ የምታሳየው አንድ የጨዋታ ቪዲዮ እንኳ የሌለውን ልጅ ለማን ትሸጠዋለህ? መጀመሪያ ለአሠልጣኙ ሁለት ዓመት ስጠው፤ ስለ ሽያጩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።