ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ የማውቃቸው የኮምቦልቻ ሰው ደወሉልኝ። ከተማው ውስጥ ደህና የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ወደ ደረቅ ወደቡ ለሥራ ከሚመጣው ሰው ብዙው እሳቸው ዘንድ ያድራል። «ልጄ፣ ዌብሳይታችን ጃፓን ገባ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። «ወላሂ! አንድ እንግዳ ነው በስልኩ ያሳየኝ» አሉ። እሳቸው አልሳቁም።

በማግስቱ ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ቢሯቸው ተቀመጥኩ። አድራሻውን ስጽፍ ገጹ ደህና ነው፤ የክፍሎቹ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ሁሉም በቦታው። የማረፊያውን ስም ጎግል ላይ ስፈልገው ግን ሌላ ጉድ መጣ፦ በእሳቸው ዶሜይን (በዌብሳይቱ የአድራሻ ስም) ስር በጃፓንኛ ፊደል የተጻፉ፣ የእጅ ቦርሳና የእጅ ሰዓት የሚሸጡ ገጾች ተደርድረዋል። ባለሙያዎች የሚያውቁት የቆየ ዘዴ ነው። ሰርጎ የገባው ገጹን አያፈርስም፤ ለባለቤቱ ደህናውን፣ ለጎግል ሌላውን እያሳየ የዶሜይኑን መልካም ስም ይነግድበታል። ባለቤቱ የሚነቃው እንደ እሳቸው እንግዳ ሲነግረው ነው።

ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ውስጥ ስገባ፣ ፎቶ ብቻ መቀመጥ ባለበት ፎልደር የፒኤችፒ ፋይል፣ ማለትም ፕሮግራም፣ ተወሽቋል። ገጹን ከሚያዙት ከአድሚኖቹ ዝርዝር ውስጥ ማንም የማያውቀው ስም አለ። ፋይሉን ሰረዝኩት፤ ሻይ ይዘውልኝ ሲመጡ ተመልሶ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ሌላ ቦታ የተቀበረ፣ በየጥቂት ደቂቃው የሚነሳ ትእዛዝ መልሶ ይጽፈው ነበር። ቀኑ የመሸው እሱን ፍለጋ ነው። መነሻውም ተገኘ፦ ገጹን የሠራው ልጅ ዎርድፕረስ ለተባለው የዌብሳይት መሥሪያ የተዘጋጀ፣ የሚከፈልበትን ዲዛይን ከቴሌግራም ቻናል በነፃ አውርዶ ጭኖታል። ያንን ዲዛይን ሰብሮ ያሰራጨው ሰው ደግሞ ለጽድቅ ብሎ አልደከመም፤ ለራሱ የኋላ በር ትቶበታል።

ልጁን እንጠይቀው ብል አገር ለቋል። ዶሜይኑ የተመዘገበው በማን ኢሜይል ነው? በልጁ። ገጹ ተከራይቶ የተቀመጠበት የሆስቲንጉ ፓስወርድስ? እሳቸው ጽፈው የያዙት፣ ከመሳቢያ የወጣ የደረሰኝ ጀርባ ላይ ነበር፤ ደግነቱ እሱ አልተቀየረም።

እንግዲህ የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ ዌብሳይት ይመረቃል። ሪባን ይቆረጣል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል። መሥሪያ ቤት ከሆነ ጨረታ ወጥቶ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸንፎ፣ ርክክብ ተፈርሞ ዶሴው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የዚያ ነገር ጠባቂ ማን ነው ብትሉ መልስ የለም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱ ይቀየራል፤ የበጀት መደብ አለው፣ የሚጠየቅበት ሹፌር አለው። ሰርቨሩ ግን ከተተከለ ጀምሮ አፕዴት (ማሻሻያ) አይቶ ሳያውቅ ሦስት ዓመት ይሠራል፤ ሲወድቅ «ሲስተም የለም» ተብሎ ባለጉዳይ ይመለሳል።

ይህን ስናገር የምሰማው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «እኛን ደግሞ ማን ይሀካል? ምን አለን ብሎ?» ሰው ሃከር ሲባል የእሱን ስም ጠርቶ የሚመጣ ጠላት ይመስለዋል። ስም ጠርቶ የሚመጣም አለ፣ ግን እሱ ባንክና ትልልቅ ተቋም ነው የሚፈልገው። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሳይተኛ ሳይበላ የሚዞር ፕሮግራም ነው። ሰኞ ገበያ የሚዞር ኪስ አውላቂ የባለኮቱን ዘር አይጠይቅም፤ ኪሱ ክፍት ከሆነ ይበቃዋል። አንድ ጊዜ ለሙከራ አዲስ ሰርቨር አስነስቼ፣ ለማንም ሳልነግር፣ ዶሜይን እንኳ ሳልሰጠው ተውኩት። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይጠጣ በሩን የነካውን ሁሉ የሚመዘግበው ሎግ መሙላት ጀመረ። የተለመዱትን የመግቢያ ስሞች እየጠራ፣ «ሩት» ብሎ ሞከረ፤ «አድሚን» ብሎ ሞከረ፤ «ቴስት»፣ «ኡቡንቱ»። ሌላው የዎርድፕረስ መግቢያ ያንኳኳል፤ ሰርቨሩ ላይ ግን ዎርድፕረስ የሚባል ነገር አልነበረም። የሌለ በር ማንኳኳት ምንም አያስከፍለውማ።

ከገባስ ምን ያገኛል? ብዙ። ከእናንተ ሰርቨር በሺህ የሚቆጠር የማጭበርበሪያ ኢሜይል ይልካል፤ በማግስቱ የእናንተ እውነተኛ ኢሜይል ሁሉ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። የባንክ መግቢያ የሚመስል ሐሰተኛ ገጽ እናንተ ዘንድ ያስቀምጣል። ክሪፕቶ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ያስቆፍርበታል። እንግዳ የሚያሳድር ቤት ደግሞ የሰው ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቅጂ ይዟል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሰርጎ ገቡን የሚቀጣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም ከ2008 ጀምሮ አለን። ግን ሌባው የት አገር እንዳለ በማይታወቅበት ነገር ሕጉን ጠርቶ በሩን ክፍት መተው ምን ዋጋ አለው?

ስለ አፕዴት ልጨምር፤ እዚህ ላይ የሁላችንም እጅ አለበት። በየቢሮው የማየው ኮምፒውተር አፕዴቱ ተዘግቷል። ለምን? «ፓኬጅ ይበላል።» እውነት ነው፣ ይበላል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓለምን ሲያዳርስ፣ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከማይክሮሶፍት የወጣው መጋቢት 5 ነበር። ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። በ150 አገሮች ገደማ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተር ፋይሉ ተቆልፎበት ገንዘብ ተጠየቀበት፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕመምተኛ መለሱ። መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ነበር የመጣው፤ የሚውጠው ነው የጠፋው። ማታ ማታ ኔትወርክ ሲቀል አፕዴት እንዲያወርድ ማድረግ ይቻላል። የሚያዘው ሰው ከተገኘ።

ባክአፕን፣ የመጠባበቂያ ቅጂን፣ በተመለከተ ደሴ ከማንም መማር የለባትም ነበር። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከተማ ውስጥ ገባ፤ ኅዳር 27 ቀን ደሴና ኮምቦልቻ መመለሳቸው ተነገረ። ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ባዶ ቢሮ ጠበቀው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ስንት ዕቃ እንደተዘረፈባቸውና እንደወደመባቸው የከተማው ሰው ያውቀዋል። እኔ የገባሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሩ ከነመደርደሪያው ሄዷል። «ባክአፕስ?» ብዬ ጠየቅሁ። የሰነድ ክፍሏ እህት ግድግዳው ላይ የቀረውን የሶኬት ቀዳዳ አሳየችኝ። ሃርድ ዲስኩ ሰርቨሩ አናት ላይ ነበር የሚቀመጠው። የዓመታት መዝገብ በአንድ ጭነት ሄደ።

ይህ የጦርነት ዕጣ ብቻ ነው እንዳንል፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ መጋቢት 1 ቀን 2013፣ ኦቪኤች የተባለው ትልቅ የፈረንሳይ ሆስቲንግ ድርጅት ስትራስቡርግ ካሉት የዳታ ማዕከሎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። ባክአፓቸውን ሌላ ቦታ ያላስቀመጡ ደንበኞች ዳታቸው እንደወጣ ቀረ። እሳትም ይሁን ዘራፊ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ያገኘውን ሁለቱንም ነው የሚወስደው። የሚሻለው ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከከተማው ውጭ፣ አንዱ ደግሞ ከኔትወርክ ተነቅሎ ማደሩ ነው፤ ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ የተሰካውን ባክአፕ አብሮ ይቆልፋልና። ደግሞ ባክአፕ አለ ማለት ይመለሳል ማለት አይደለም። በየሌሊቱ ሳያቋርጥ «ባክአፕ ተሳክቷል» የሚል መልእክት የሚመጣለት አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ዲስኩ ሞልቶ ኖሮ የስምንት ወሩ ፋይል በሙሉ ዜሮ ኪሎባይት ሆኖ ተገኘ። ከፍቶ ያየው የለም። እኔንም ጨምሮ።

እኛ ባለሙያዎቹ ንጹሕ አይደለንም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ገና አልኩት እንዴ? እንግዲህ አሁን ልበለው። ከመካከላችን ዶሜይኑን በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ ፓስወርዱን ደብቆ ደንበኛውን እንደ በግ የሚያስር አለ። «ያለኔ አይሆንም» ለማሰኘት። ለአሥር ደንበኛ አንድ ፓስወርድ የሚጠቀምም አለ። ከጃፓን ቦርሳ ሻጭ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው።

ወርሃዊ ክፍያ ሲባል የባለቤቶች ፊት ለምን እንደሚጠቁር ይገባኛል። ጥገና ፎቶ አይወጣበትም። ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ የሚያልፍበት ቦይ በግንቦት ሲጠረግ ማን ቆሞ ያጨበጭባል? ሐምሌ ላይ ጎርፍ ሱቅ ሲገባ ግን ከንቲባው ይጠራል። ስለዚህ ነገሩ ውል ላይ መግባት አለበት እላለሁ፤ በቃል የተባለ ጥገና ጥገና አይደለም። ዶሜይኑ በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል ይመዝገብ፤ ባለሙያ ሲቀየር ፓስወርዱ በዚያው ቀን ይቀየር፤ አድሚኑ ሲገባ ከፓስወርድ ሌላ በስልክ የሚመጣ ቁጥርም ይጠየቅ፤ ለአፕዴትና ለባክአፕ ፍተሻ በየወሩ የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ይያዝ። አንድ ቢሮ ብቻውን ባለሙያ መቅጠር ካቃተው አምስት ስድስት ሆነው አንድ ይቅጠሩ። ኮምቦልቻ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ሶፍትዌር ተምረው ወጥተው ፒያሳ ላይ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች አውቃለሁ።

ወደ ማረፊያው ባለቤት፣ ወደ ጋሼ ልመለስ። ጽዳቱ ካለቀ በኋላ ጎግል የጃፓኑን ገጽ እስኪረሳ ሳምንታት ፈጀ። ስለ ወርሃዊው ክፍያ ሳነሳባቸው ወደ ግቢው በር አዩ። ሁለት ዘበኛ አላቸው፣ በፈረቃ።

«ዘበኛው እኮ ሌሊት ሲያስል እሰማዋለሁ፤ መኖሩን አውቃለሁ። አንተን በምን አውቅሃለሁ?»

ሎጉን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ በአንድ ሌሊት ስንቱ በር እንደነካ፣ ስንቱ እንደተመለሰ። መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወዲህ ክፍያው አልተቋረጠም፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ይደውላሉ።

«እ፣ ዛሬስ ስንት መጡብን?»

«ያው እንደ ወትሮው ነው ጋሼ።»

«የገባ አለ?»

«የለም።»

«በል አብሽር» ብለው ይዘጉታል።